ገዢው ራሳቸው ነበሩ

በአኒሜ ኮንቬንሽን ብርቅ የፖኪሞን ካርድ የምትነግድ ወንድሜ፣ የካርዱን ዋጋ የማያውቅ ልጅ ሊሸጥልህ ሲመጣ ኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) አስታውስ።

በ80 ዓመተ ሂጅራ ኩፋ ተወልደው በ150 ባግዳድ ያረፉት ታላቅ ፈቂህ የሐር ነጋዴም ነበሩ። አንዲት ሴት የሐር ልብስ በ100 ልትሸጥላቸው መጣች ይባላል። ዋጋው ከዚያ እንደሚበልጥ ነገሯት። መቶ መቶ እየጨመረች 400 ደረሰች፤ አሁንም እንደሚበልጥ ሲነግሯት ያሾፉባት መሰላት። ሰው ጠርታ እንድታስገምት አደረጉና በ500 ገዙት። ልብ በል፣ ገዢው እኮ ራሳቸው ናቸው!

ጥጉ የታጠፈ ካርድ ስትሸጥ ደግሞ ሸሪካቸውን ሐፍስን አስብ። እንከን ያለበትን ጨርቅ ለገዢው ተናግሮ እንዲሸጥ አደራ ቢሉት፣ ረስቶ ሳይናገር ሸጠው። ገዢው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ኢማሙ የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ሰደቃ ሰጡት።