ፕሮፌሰር ሃንስ ኮስተርሊትዝ፦ ሰውነት የራሱ ማስታገሻ እንዳለው ያረጋገጡ ሐኪም

ፕሮፌሰር ሃንስ ኮስተርሊትዝ አካላችን ሕመምን የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮችን ራሱ እንደሚያመነጭ ካረጋገጡት ሳይንቲስቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩ የሕክምና ምሁር ናቸው። ሞርፊንና መሰል መድኃኒቶች በነርቭ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ለመረዳት የእርሳቸው ጥናት ጽኑ መሠረት ጥሏል።

ኮስተርሊትዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1903 በጀርመን በርሊን ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በከተማዋ በሚገኘው ቻሪቴ ሆስፒታል እየሠሩ ሰውነት ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀምበት ያጠኑ ጀመር። ሆኖም በ1933 የናዚ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ በአይሁዳዊ ትውልዳቸው ምክንያት ሥራቸውን አጡ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ስኮትላንድ ተሰደው፣ ከኢንሱሊን ግኝት ጋር በተያያዘ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ በነበሩት በፕሮፌሰር ማክሎድ ክፍል፣ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን ቀጠሉ። ቀሪ ዕድሜያቸውንም በዚያችው ከተማ አሳለፉ።

ለበርካታ ዓመታት በስኳርና በጉበት ላይ ካተኮሩ በኋላ ትኩረታቸውን ወደ አንጀት ነርቮችና ወደ ሞርፊን አዞሩ። የሙከራቸው ዘዴ ቀላል ነበር። ከጊኒ ፒግ የተወሰደ አጭር የትንሹ አንጀት ቁራጭ በተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ በኤሌክትሪክ ሲነቃቃ ይኮማተራል። ሞርፊን ሲጨመርበት መኮማተሩ ይዳከማል፤ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲጨመር ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በዚህ መንገድ የአንድን ንጥረ ነገር ሞርፊን መሰል ጠባይ በትክክል መለካት ተቻለ።

በ1973 በአሜሪካና በስዊድን የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች በአንጎል ውስጥ እንደ ሞርፊን ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚቀበሉ ልዩ ተቀባዮች መኖራቸውን አሳዩ። ተቀባይ በሕዋስ ላይ የሚገኝና መልእክትን የሚያስተላልፍ አካል ሲሆን፣ አንድ ቁልፍ ለራሱ ጓጉንቸር እንደሚስማማ ሁሉ የሚስማማውን ንጥረ ነገር ይቀበላል። ጓጉንቸሩ በአንጎል ውስጥ ካለ ታዲያ የሰውነት የራሱ ቁልፍ የት አለ? ጥያቄው ይህ ነበር።

ኮስተርሊትዝ በዚያው ዓመት በ70 ዓመታቸው ጡረታ ቢወጡም አላረፉም። ሱስ አስያዥ መድኃኒቶችን የሚያጠና የምርምር ክፍል አቋቁመው ከወጣቱ ተመራማሪ ከጆን ሂዩዝ ጋር ፍለጋውን ተያያዙት። ከቄራ በሚመጣ የአሳማ አንጎል ላይ በትዕግሥት ከሠሩ በኋላ፣ በ1975 እያንዳንዳቸው ከአምስት አሚኖ አሲዶች የተሠሩ፣ በመጨረሻው አሚኖ አሲድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ንጥረ ነገሮች ማግኘታቸውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አደረጉ። ስማቸውንም ከግሪክኛ በመዋስ በራስ ውስጥ ያለ የሚል ትርጉም ያለው ኤንኬፋሊን አሉት። ተከታይ ሥራቸው ደግሞ የእነዚህ ተቀባዮች ዓይነት ከአንድ በላይ መሆኑን አመለከተ።

በ1978 ከሂዩዝና ከአሜሪካዊው ሰለሞን ስናይደር ጋር የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ኤንኬፋሊን በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ስለሚፈራርስ፣ ከግኝቱ ይወለዳል ተብሎ የተጠበቀው ሱስ የማያስይዝ ኃይለኛ ማስታገሻ በሕይወት ዘመናቸው እውን አልሆነም። ኮስተርሊትዝ በ1996 በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ማይክል ኮስተርሊትዝ በ2016 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

የእኚህ ምሁር ሥራ ለማንኛውም ታካሚ የሚጠቅም ትምህርት ይዟል። ሞርፊን የሚሠራባቸው ተቀባዮች ሕመምን ብቻ ሳይሆን አተነፋፈስንና የአንጀት እንቅስቃሴንም ይነካሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሆድ ሊያደርቅ፣ መጠኑ ሲያልፍም ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። በአንጀት ሙከራው ያገለገለው ናሎክሶን ዛሬ ከመጠን በላይ ሞርፊን የወሰደን ሰው ሕይወት ለማትረፍ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በመሆኑም ማንም ሰው እነዚህን ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ወይም ለሌላ ማካፈል የለበትም። በጽኑ ሕመም ላይ ያለ ታካሚም ሱስን በመፍራት ብቻ የታዘዘለትን ከመተው ይልቅ ስጋቱን ለሐኪሙ ገልጾ ሊመካከር ይገባል።