የልዕልት ፀሐይ ሕይወትና የተመላሽ ወታደር ነገር

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው የነገሥታት ዘር ለመቁጠር ብለን አይደለም። ምክንያቱን ጠቅላላ ስብሰባው ላይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ከጦር ሜዳ እግሩን ተጎድቶ የተመለሰው ጎረቤታችን ያላደረሰው ወርኃዊ መዋጮ ከነቅጣቱ ይታሰብበት ወይስ ይቅርለት የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ሳይቋጭ መሽቶብን ተለያየን። በማግሥቱ ከዚራ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ስንጫወት ይኸው ሰው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተኝቶ እንደ ታከመ ተነሣ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ በማን ስም እንደ ተሠራ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የመጨረሻ ሴት ልጅ ናቸው። የተወለዱት በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ሲሆን አባታቸው ያን ጊዜ ገና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ። የልጅነታቸውን እንለፈው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ተሻግሮ ሲገባ ልዕልቲቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር።

የዚያን ዘመን ዘመቻ ከአባቶቻችን አፍ የሰማ ሰው ያስታውሰዋል። ዘማቹ ስንቁን ይዞ የሚወጣው ከቤቱ ነው፤ የሚጋግርለትና ውኃ የምትቀዳለት ሚስቱ ወይም እኅቱ ተከትላው ትሄዳለች። ቢቆስል ዘመድ ያለው በቃሬዛ ይነሣል፣ ዘመድ የሌለው ግን መቼም ዕድሉ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እንኳ የተቋቋመው ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ታዲያ በዚህ ጊዜ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ፣ ልዕልት ፀሐይ ከዋነኞቹ አንዷ ሆነው ፋሻ ሲያስቆርጡ፣ ልብስ ሲያሰፉ፣ በኋላም የመርዝ ጭስ በሕዝቡ ላይ ሲወርድ ከጨርቅ የሚሠራ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ሲያዘጋጁ ከረሙ። ስለዚሁ መርዝ ለዓለም ሴቶች አቤቱታ ልከዋል። ከአቤቱታው ምን ተገኘ ብትሉ፣ ምንም።

እዚህ እኛ ዘንድም ጦርነቱ ሩቅ አልነበረም። ለኦጋዴን ግንባር የሚሄደው መሣሪያና ስንቅ ከባቡር የሚራገፈው ድሬዳዋ ላይ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሐረር በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ሆስፒታሎች እንኳ አልተማሩም። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ ሰባቸውን ያሳፈረው ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚሁ በእኛ ለገሀር በኩል ወደ ጅቡቲ አለፈ። ልዕልት ፀሐይም ነበሩበት። በሳምንቱ ገደማ የጣሊያን ጦር ድሬዳዋ ገባ።

ስደቱ በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር አደረሳቸው። ባዝ ከተማ ውስጥ ቤት ተገዝቶ ቤተ ሰቡ በችግር ኖሯል። ልዕልቲቱ ግን ቁጭ ብለው ማዘኑን አልወደዱትም። ሎንዶን ከሚገኘው ታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ከግሬት ኦርመንድ ስትሪት ገብተው እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስነት መማር ጀመሩ። ይህን ስናነብ ደጋግመን ነው ያሰብነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ የታማሚ መጸዳጃ መያዝ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር በዚያን ጊዜ እኛ አገር የቤተ መንግሥት ሰው የሚያስበው ሥራ አልነበረም። ነርስነት ራሱ እንደ አሽከርነት ይቆጠር ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 ተመርቀው በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ተጨማሪ ትምህርት ቀጠሉ። ያ ወቅት ጀርመን ሎንዶንን ሌት ተቀን በቦምብ የምትደበድብበት ነበር።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ እሳቸውም ወደ አገራቸው ገቡ። አሳባቸው ለአገሩ ሆስፒታልና የነርስ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ነበር። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ልጅ ዐቢይ አበበን አግብተው ባላቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የሠለጠነች ነርስ፣ ሌላውን ልታድን የተማረች፣ በወሊድ ነገር ሞተች ሲባል የሚሰማውን ሐዘን ሴቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

ወዳጃቸው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ዝም አላሉም። በስማቸው ሆስፒታል ይሠራ ብለው እንግሊዝ አገር ኮሚቴ አቋቁመው፣ ከሰው ከሰው እየለመኑ ገንዘብ ሰበሰቡ። ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ የተዋጣ ስለ ሆነ ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ነርሶችም ተማሩበት። በዚያው ዓመት ነው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ዘመቻ በባቡር ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ላይ መርከብ የተሳፈረው። ከኮሪያ 121 ሰው ሞቶ፣ ከ500 በላይ ቆስሎ ነው የተመለሰው፤ የተማረከ አንድም የለም።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተቀይሮ ጦር ኃይሎች ተባለ። ስሙ መነሣቱ ቅር ቢለንም አልጋው ለማን እንደ ዋለ ስናስብ እሳቸው ራሳቸው ይቀየሙ ነበር ለማለት አንደፍርም። ፋሻ ሲያስቆርጡ የከረሙት ለእነዚሁ ሰዎች አይደለም እንዴ? ዛሬ የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች እያለ ሲጣራ፣ የባቡሩም መጨረሻ ፌርማታ በዚሁ ስም ሲጠራ፣ ልዕልቲቱን የሚያነሣቸው ሰው ጥቂት ነው።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ከእኛ ዕድሜ የገፋን ሰዎች እዚሁ ነበርን፤ የቆሰለ ወታደር ምን እንደሚመስል የነገረን የለም፣ ዐይተነዋል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን መለዮውን አውልቆ፣ ከሰሜን በእግሩ እየመጣ በየበሩ ውኃ የሚለምነውን ሁላችን እናስታውሳለን። መንግሥት የማቋቋሚያ ኮሚሽን አቁሞ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ማታ የሚገባው ሰፈር ነው። ስሙን መልሶ መዝገብ ላይ የሚጽፍለት፣ እናቱ ስትሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሥራ ሲያጣ ከማን እንደሚበደር የሚያውቅለት ሰፈር ነው። ይህን ኮሚሽን አይሠራውም።

በእኛ መተዳደሪያ ደንብ ግን በተከታታይ መዋጮ ያላደረሰ አባል ይቀጣል፣ ከዚያም ይሰረዛል ይላል። ለዘመተ ሰው የተለየ ቃል የለበትም፤ ደንቡን ስናወጣ አላሰብነውም። ጎረቤታችን በዘመተበት ጊዜ ባለቤቱ ሁለት ለቅሶ ላይ ወጥ ሠርታ፣ ውኃ ተሸክማ አገልግላለች፤ ያ በየትኛው ዐምድ እንደሚጻፍ ገንዘብ ያዡም አላወቀም። ገንዘቡ የሁላችን ነው፣ ዛሬ ለአንዱ ብንተው ነገ ሌላው ይመጣል ያሉት አባሎችም ክፉ አስበው አይደለም፤ ሣጥኑ ምን ያህል እንደ ሆነ እናውቃለን። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ግን ውዝፉ ከነቅጣቱ እንዲሰረዝለት፣ ደንቡም ላይ ለዘማች አንድ መስመር እንዲጨመር አሳብ አቅርበናል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ መጀመሪያ የሚታይ ሲሆን፣ ቀኑ እንደ ተለመደው በጥሩንባ ይነገራል።