ኮሊን ቻፕማን፦ መኪናን ሳይገጣጥም የሸጠው መሐንዲስ

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን እ.አ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን የስፖርት መኪና ለገበያ ሲያቀርብ፣ ብዙ ደንበኞች የተረከቡት ያልተገጣጠመ ዕቃ ነበር። ገዥው ራሱ ለሚገጣጥማት መኪና ያኔ የግዢ ግብር አይከፈልም ነበርና። ብልጠት ይባል እንጂ ሕገ ወጥ አልነበረም።

ቻፕማን ከምንም በላይ ክብደት መቀነስን ይሻ ነበር። ይህ እምነቱ ቡድኑን ለሰባት የፎርሙላ ዋን የአምራቾች ሻምፒዮናነት አበቃው፤ መኪኖቹ በቀላሉ ይሰበራሉ የሚል ብርቱ ወቀሳም አስከተለበት። የቅርብ ወዳጁ ጂም ክላርክ በ1968 ሆክንሃይም ላይ፣ ዮኸን ሪንት ደግሞ በ1970 ሞንዛ ላይ ሎተስ ሲያሽከረክሩ ሞቱ። እሱም በ1982፣ በ54 ዓመቱ፣ በልብ ሕመም በድንገት አረፈ።

ሰቨንን ዛሬም ካተርሃም የተባለው ኩባንያ ያመርታታል። የብርዱን ወራት ጋራዥ ውስጥ የከረመችውን መኪና ባለቤቶቿ ጸደይ ሲመጣ ባትሪዋን ሞልተው፣ ፍሬኗን ፈትሸው፣ ብሎኖቿን አንድ በአንድ አጥብቀው ወደ መንገድ ይመልሷታል።