አልፎንስ ፔኖና በላስቲክ የበረረችው ሞዴል

በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን የሞዴል አይሮፕላን መሥሪያ የከፈተ ልጅ ሁሉ፣ ስስ የሆነውን እንጨት አጣብቆ ላስቲኩን በጣቱ ሲጠመዝዝ፣ አንድ ፈረንሳዊ ወጣት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የደረሰበትን ዘዴ ይደግማል። ይህ ወጣት አልፎንስ ፔኖ ነው።

ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1850 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይ ባሕር ኃይል አድሚራል ስለ ነበሩ፣ የእርሳቸውን ፈለግ ለመከተል ይመኝ ነበር። ይሁን እንጂ የዳሌ አጥንት በሽታ ምኞቱን አሰናከለበት፤ ስለዚህ ልቡን ከባሕር ወደ አየር መለሰ።

በዚያን ዘመን የበረራ ተመራማሪዎችን ያስቸገራቸው ቀላል የኃይል ምንጭ ማጣት ነበር። የእንፋሎት ሞተር እጅግ ይከብዳል፤ የሰዓት ሞላም ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ነው። ፔኖ በ1870 የተጠመዘዘ ላስቲክን መረጠ፤ በዚህም ኃይል ቀጥ ብላ ወደ ላይ የምትነሣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሠራ።

በነሐሴ 1871 ደግሞ በፓሪስ የቱይለሪ አትክልት ሥፍራ፣ ምሁራን ተሰብስበው እየተመለከቱ፣ አንዲት ሞዴል አይሮፕላን ለቀቀ። የክንፏ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 16 ግራም ነበር። በ11 ሰከንድ 40 ሜትር ያህል በረረች። የሙከራው ታላቅነት በርቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ሞዴሊቱ ማንም ሳይመራት ሚዛኗን ጠብቃ መጓዟ ነው። ፔኖ የጅራቱን ክንፍ ከዋናው ክንፍ ባነሰ ማዕዘን ገጥሞት ስለ ነበር፣ አፍንጫዋ ወደ ታች ሲያዘነብል አየሩ ጅራቷን ተጭኖ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። የክንፎቿም ጫፎች ወደ ላይ መታጠፋቸው ወደ ጎን እንዳትገለበጥ ይረዳት ነበር።

ፔኖ በዚህ አልረካም። በ1876 ከመካኒኩ ከፖል ጎሾ ጋር ሁለት ሰው የሚጭን፣ ከውሃም ከምድርም የሚነሣ አይሮፕላን ነድፎ የፈጠራ መብት አወጣ። በንድፉ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮች፣ የሚታጠፉ እግሮችና በአንድ ዘንግ የሚሠራ መሪ ይገኙበታል። ነገር ግን ያን ያህል ቀላል ሞተር በዘመኑ አልነበረም፤ ገንዘብ አውጥቶ የሚሠራለትም አላገኘ። ሕመሙና የሰው ፌዝ ተደራረቡበት። በጥቅምት 1880 ንድፎቹን በትንሽ የሬሳ ሣጥን አድርጎ፣ እርዳታውን ለምኖት ላጣው ለአየር መርከብ ሠሪው ለሄንሪ ዢፋር ከተወለት በኋላ፣ በሠላሳ ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1878፣ ሚልተን ራይት የተባሉ አሜሪካዊ ቄስ በፔኖ ዘዴ የተሠራች፣ በላስቲክ የምትበር መጫወቻ ገዝተው ለልጆቻቸው ለዊልበርና ለኦርቪል ሰጥተው ነበር። ልጆቹም መጫወቻዋ ብትሰበር በአምሳያዋ ሌሎች ሠሩ፤ ከፍ አድርገው የሠሯቸው ግን እንደ ትንሿ አልበረሩም። እነዚሁ ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1903 ሰው በሞተር ኃይል ሲበር ለዓለም አሳዩ። የመጀመሪያው በረራቸው 12 ሰከንድ ቆይቶ 36 ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ይህም ፔኖ በቱይለሪ ከለቀቃት ሞዴል ርቀት ያነሰ ነው።

ፔኖን ያሸነፈው የስሌቱ ስሕተት አልነበረም። የጎደለው ቀላል ሞተርና ንድፉን አይቶ ከጎኑ የሚቆም ሰው ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ የሚያመጣው ነው፤ ሁለተኛው ግን በባልደረቦቹ እጅ ነበር።