ማልኮም ኤክስ፦ ለ12 ዓመት ያስተማረውን የተወ ሰው

 

የማልኮም ኤክስን ግድያ የሚመረምረውን ባለ ስድስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ግቢ ውስጥ ተሰብስባችሁ ልታዩ ያሰባችሁ ተማሪዎች አላችሁ። ፊልሙ የሚጠይቀው ማን ገደለው ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው እንዴት እንደኖረ ማወቅ ይበጃል።

ማልኮም እ.ኤ.አ በ1925 በአሜሪካ፣ ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለጥቁሮች መብት የሚታገል ሰባኪ ነበር። ማልኮም ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። እናቱም ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ስትታገል ቆይታ አእምሮዋ ታወከና ሆስፒታል ገባች፤ ልጆቹም ተበታተኑ። ወጣትነቱን በቦስተንና በሃርለም በቁማር፣ በአደንዛዥ ዕፅና በስርቆት አሳለፈ። በ1946 እስር ቤት ሲገባ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

እስር ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጁ እየገለበጠ ቃላት አጠና። መብራት ከጠፋ በኋላም ከኮሪደሩ በሚገባው ጭላንጭል ያነብ ነበር። በወንድሞቹና በእህቶቹ በኩል የኔሽን ኦፍ ኢስላም ጥሪ የደረሰው እዚያው ነው። ከሱስና ከአሳማ ሥጋ ራቀ። ነገር ግን ድርጅቱ ነጮች በተፈጥሯቸው ሰይጣን ናቸው ብሎ ያስተምር፣ መሪውን ኤላይጃ ሙሐመድንም የአላህ መልእክተኛ ይል ነበር። ይህ ከተውሒድም፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነቢያት መደምደሚያ ናቸው ከሚለው እምነታችንም የራቀ ነው። ማልኮም በ1952 ተፈትቶ ለ12 ዓመት ያህል ይህንኑ በታላቅ አንደበት አስተማረ።

በ1964 መጀመሪያ ከመሪው ጋር ተለያይቶ በሚያዝያ ለሐጅ ተነሳ። ጅዳ ሲደርስ ሙስሊምነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ መካ እንዳይገባ ተያዘ። እዚያ እያለ ሌላ ነገር ገጠመው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰባኪ ብለው የሚሰሙት ሰው ሶላትን በወጉ መስገድ አይችልም ነበር። አሰጋገዱን ከሐጅ መሪው እየተማረ፣ እንደ ጀማሪ ልጅ ቁጭ ብድግ አለ። አላፈረም ማለት አይቻልም፤ ግን እፍረቱ ከመማር አላገደውም። በሐጁም ነጭ ከሆኑ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ገበታ በላ፣ ጎን ለጎን ሰገደ። ያየውንም በደብዳቤ ወደ አገሩ ጻፈ፤ ነጮችን በጅምላ ማውገዙ ስህተት እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። የጥቁሮችን የመብት ትግል ግን አልተወም። በዚያው ዓመት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሲዞር አዲስ አበባንም ረግጧል።

ዋጋ አስከፈለው። የካቲት 14 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ) ሌሊት ሚስቱና አራት ሴት ልጆቹ በተኙበት ቤቱ በእሳት ቦምብ ተመታ። በሳምንቱ እሑድ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ኦዱቦን አዳራሽ ሰላምታ አቅርቦ ንግግሩን ገና ሲጀምር ተኩሰው ገደሉት። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጆቹም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ዕድሜው 39 ነበር። ሱዳናዊው ሼኽ አሕመድ ሐሱን አጥበው ከፈኑት። በቀብሩም ወዳጆቹ አካፋ ተቀብለው በገዛ እጃቸው አፈር አለበሱት።

ጉዳዩ ግን በቀብር አላበቃም። በግድያው ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። አንዱ ድርጊቱን አምኖ ሁለቱ ንጹሐን መሆናቸውን በፍርድ ቤት መሰከረ፤ ሰሚ አላገኘም። ሙሐመድ አዚዝና ኸሊል ኢስላም እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ያህል ታሰሩ። ፊልሙ በ2020 ወጣ፤ ጉዳያቸውም ዳግም ተመረመረ። ኤፍ.ቢ.አይ እና የኒውዮርክ ፖሊስ እነሱን ሊያድን የሚችል ማስረጃ ሳያቀርቡ መቅረታቸው ታወቀ፤ በኅዳር 2021 ፍርዱ ተሻረ። ሙሐመድ አዚዝ ይህን የሰሙት በ83 ዓመታቸው ነው። ኸሊል ግን ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብለው ወደ አኼራ ሄደው ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! ሱረቱ አን-ኒሳእ በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንመሰክር ታዘናለች። ማልኮም በራሱ ላይ መሰከረ። ስለ ሁለቱ እስረኞች ግን እውነቱን በመዝገብ የያዙት ዝም አሉ፤ ዝምታቸው የሁለት ቤተሰብ ዕድሜ በላ። ፊልሙን ስታዩ ገዳዩን ብቻ አትፈልጉ። ቡድናችን፣ ጀመዓችን ወይም ጓደኛችን ሲያጠፋ እያወቅን ዝም ያልንበት ነገር እንዳለ እያንዳንዳችን ነፍሳችንን እንጠይቅ። ካለም ዛሬውኑ፣ የተበደለው ሰው በሕይወት ሳለ እንናገር።

አላህ ለማልኮም ይዘንለት፤ እኛንም ሐቅ ሲገለጥልን የምንመለስ ያድርገን። አሚን።