ሄንሪ ሞርጋን፦ ዘማች ወይስ የባሕር ወንበዴ?

ዌልሳዊው ሄንሪ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1685 ሁለት የለንደን አሳታሚዎችን በስም ማጥፋት ከስሶ 200 ፓውንድ ካሳ አገኘ። የሙግቱን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ስያሜዎች መለየት ያሻል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ፓይሬት» ያለ ማንም ፈቃድ የሚዘርፍ፣ ሲያዝም በስቅላት የሚቀጣ ነበር። «ፕራይቬቲር» ግን ከመንግሥት በተጻፈለት ፈቃድ የጠላትን መርከብ ይማርካል፤ ከምርኮውም ለመንግሥት ድርሻ ይከፍላል። «ባካኒር» የመጣው ከሌላ ወገን ነው፤ በሂስፓኒዮላ ደሴት የዱር ከብትና እሪያ እያደኑ ሥጋውን «ቡካን» በተባለ የእንጨት ርብራብ ላይ በጢስ ያደርቁ ከነበሩ አዳኞች የተወሰደ መጠሪያ ነው። በአማርኛ ሦስቱም የባሕር ወንበዴ ይባላሉ። በየብስ ሽፍታን ከወንበዴ ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ባሕር ላይ ሲደርስ ልዩነቱን መተዉ ያስቆጫል።

ሞርጋን በ1668 ፖርቶቤሎን የያዘው ከጃማይካው ገዥ ከቶማስ ሞዲፎርድ በተሰጠው ፈቃድ ነው፤ ይሁንና ፈቃዱ የስፔንን መርከቦች እንጂ ከተሞቿን አይመለከትም ነበር። በ1671 መጀመሪያ ፓናማን ሲወር ጉዳዩ ይበልጥ ከረረ፤ እንግሊዝና ስፔን በ1670 በማድሪድ ውል ተፈራርመው ነበርና። በ1672 ተይዞ ወደ ለንደን ተላከ። የውሉ ዜና እንዳልደረሰው ተከራከረ፤ ለፍርድም አልቀረበም። እንዲያውም በ1674 ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ የናይትነት ማዕረግ ሰጠው፤ ምክትል ገዥ ሆኖም ወደ ጃማይካ ተመለሰ። በዚህ ሥልጣኑ ፈቃድ የሌላቸውን ዘራፊዎች ያሳድድ ጀመር። እንደ እኔ አመለካከት፣ የፖርቶቤሎው ሞርጋን ባለፈቃድ ዘማች ሊባል ይችላል፤ የፓናማው ግን ስሙ የተወሰነው ከድርጊቱ በኋላ በቤተ መንግሥት ነው።

ክሱን ያስነሣው መጽሐፍ በ1678 በአምስተርዳም የታተመው የኤክስኬሜሊን ሥራ ነው። የደቹ ርእስ የባሕር ዘራፊዎች፣ የ1681ዱ የስፓኝ ትርጉም ፓይሬቶች፣ የ1684ቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ባካኒሮች ይላቸዋል፤ እያንዳንዱ ተርጓሚ ስሙን የመረጠው ከአገሩ ወገን ሆኖ ይመስላል። ሞርጋንን ያስቆጣው በምርኮኞች ላይ ፈጸመው የተባለው ግፍ ብቻ አልነበረም። በውል የተሸጠ አገልጋይ ሆኖ ወደ ካሪቢያን እንደ ሄደ መጻፉም አንገብግቦታል፤ የጨዋ ልጅ መሆኑ በማስተካከያው እንዲገለጽ አድርጓል።

በ1688 በጃማይካ ዐረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ፖርት ሮያልን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መቃብሩን ባሕር ውስጥ አሰጠመው።