ሐኪም ወርቅነህ፦ ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን

«ሐኪም» የሚለው ስያሜ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ጥበብ ማለት ከሆነው «ሒክማ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በአገራችን ይህ ማዕረግ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ የቀረ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም መሆናቸውን እንሰማለን፤ የመጡበትን መንገድ ግን ብዙም አናነሳም።

የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩትን የዋግሹም ጎበዜን ግዛት አቋርጦ መቅደላ ሲደርስ ሦስት ዓመት ገደማ ነበሩ። በጦርነቱ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለዩ። ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል አንስቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አስተማራቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ቀጥለው በርማ ውስጥ ሠሩ።

የአድዋን ድል ሲሰሙ ልባቸው ወደ አገራቸው ዞረ። አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና በሽተኛ መቀበል ጀመሩ። የአገራቸውን ቋንቋ ረስተውት ስለነበር እንደ አዲስ ተማሩት። ዝናቸውን የሰሙ አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው፤ ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ተመለሰላቸው። በኋላ የጨርጨር ገዥ፣ በለንደንም የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

የእምነታችን ተከታይ አልነበሩም። ግን ጠቃሚ ዕውቀት ከማንም ይወሰዳል። ከሕይወታቸው የምንወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ሐኪም ሕመምተኛው ወዳለበት ይሄዳል፣ ቋንቋውንም ይማራል።

ይህ ለዋግ ኽምራ የዛሬ ጥያቄ ነው። ሰቆጣ ሆስፒታል አላት። ገደል ወርዶ ገደል ለሚወጣ የገጠር ሰው ግን ቅርቡ የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። እናት የልጇን ሕመም በኽምጣኛ ስትናገር የሚረዳት ባለሙያ እዚያ ካላገኘች መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃትም።

አንድን ነፍስ ማዳን በዲናችን ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። በሕክምና ትምህርት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስትመረቁ ሩቁን ጤና ኬላ አትርሱት። አላህ ለሕመምተኞቻችን ሽፋእ፣ ለሐኪሞቻችንም ሒክማ ይስጥልን። አሚን።